ትዕግሥት ብቻ ነውን? ስለ አንዲት ህንዳዊት ኳስ አሿሪ



በዚህ መጽሔት ስለ ስፖርት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሩጫና እግር ኳስ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የአገራችን ስም በሩጫ ተጠርቷልና፥ የእግር ኳስ ፍቅራችንም የታወቀ ነውና። እኔ ግን ዘንድሮ በእኛ ዘንድ እምብዛም ስለማይታወቀው ስለ ክሪኬት፥ በክሪኬትም ውስጥ ስለ አንዲት ህንዳዊት ኳስ አሿሪ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ፈለግሁ። ስምዋ አሻ ሶብሃና ይባላል። በ1991 ዓ.ም. በኬራላ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ተወለደች፤ ለአገርዋ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው ደግሞ በ2024 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 33 ዓመት ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለ እርስዋ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው በየገጹ የሚያገኘው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ትዕግሥት» የሚለው ነው። ታገሠች፥ ጠበቀች፥ በመጨረሻም አገኘች ይላሉ። ነገሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ይህ ምስጋና ብቻውን ሲቆም አንድ ከባድ ጥያቄ የሚሸፍን ይመስለኛል። አንዲት ሴት ከልጅነትዋ ጀምራ የደከመችበት ሙያ እስከ 33 ዓመትዋ ድረስ ከአደባባይ ካልወጣ፥ የሚመሰገነው የእርስዋ ትዕግሥት ነው ወይስ የሚጠየቀው ይህን ያህል እንድትታገሥ ያስገደዳት አሠራር ነው? እኔ ጥያቄውን አስቀድማለሁ።

ኬራላ የሚለው ስም ለታላላቆቻችን እንግዳ አይደለም። በአያቶቻችንና በአባቶቻችን ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ከነበሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ ክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩና። ጨዋታቸውን ግን ይዘውልን የመጡ አይመስልም፤ ወይም ይዘው መጥተው የሚጫወትላቸው አጥተው ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ለሁሉ ግልጽ እንዲሆን ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ።

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ኳስ በእንጨት መመታቱ አያስደንቀውም። ክሪኬት ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ተጫዋች ባላቸው በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ነው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠባብ መንገድ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ዘንጎች ተተክለዋል። ወርዋሪዋ ከአንዱ ጫፍ ኳሱን ትወረውራለች፤ መቺዋ በሌላው ጫፍ ቆማ ዘንጎቹን እየጠበቀች ትመታለች፤ ኳሱ ርቆ ከሄደላትም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠች ነጥብ ትሰበስባለች። ኳሱ ዘንጎቹን ቢመታ፥ ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብ፥ መቺዋ ከጨዋታ ትወጣለች፤ ለወርዋሪዋም አንድ ዊኬት ይቈጠርላታል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። «ሃያ ሃያ» በተባለው አጭር ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር ብቻ ሲኖረው፥ አንዲት ወርዋሪ ከ4 ኦቨር በላይ እንድትወረውር አይፈቀድላትም። ይኸውም ሙያዋን የምታሳየው በ24 ውርወራ ብቻ ነው ማለት ነው።

ወርዋሪዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኞቹ ከሩቅ ተንደርድረው በጕልበትና በፍጥነት የሚወረውሩ ናቸው። ሁለተኞቹ አሿሪዎች ናቸው፤ ጥቂት ርምጃ ብቻ ተራምደው ኳሱን በዝግታ ይለቁታል። እናቱ እንዝርት ስታሾር ያየ ሰው የእነዚህን ጥበብ ለመረዳት አይቸገርም። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ በራሱ ላይ እየሾረ ይሄዳል፤ መሬት በነካ ጊዜም ሳይታሰብ ወደ ጐን ይታጠፋል። አሻ ሶብሃና የምትወረውረው ሊግ ስፒን የተባለውን ነው። ይህም ኳሱን በጣት ብቻ ሳይሆን በእጅ አንጓ አዙሮ የሚያሾር ነው። ቀኝ እጅ ለሆነች መቺ ኳሱ ከእግርዋ በኩል መሬት ነክቶ ወደ ውጭ ይሸሽባታል። በዚህ ላይ ጉግሊ የሚሉት አለ፤ የእጁ አኳኋን ያንኑ የሚመስል ሆኖ ሳለ ኳሱ በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገባል። መቺዋ ከወርዋሪዋ እጅ ላይ ይህን ለይታ ማንበብ አለባት፤ ካላነበበች አለቀላት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእጅ አንጓ ማሾር ከክሪኬት ጥበብ ሁሉ ለመልመድ እጅግ አስቸጋሪው ነው ይባላል። ኳሱ ጥቂት ቢያጥር ወይም ጥቂት ቢረዝም መቺዋ ከሜዳ ውጭ ትልከዋለች። እጅ አንድን ቦታ ሺህ ጊዜ ለመምታት እስኪሠለጥን ድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ፈጣን ወርዋሪ በወጣትነትዋ ወራት ታብባለች፤ አሿሪ ግን ዘግይታ ትበስላለች። ክላሪ ግሪሜት የተባለው የአውስትራሊያ ሊግ ስፒን ወርዋሪ ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ1925 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜው ልክ እንደ አሻ 33 ዓመት ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ 11 ዊኬት ወሰደ። ከዚያም እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ ተጫውቶ 216 ዊኬት ሰበሰበ፤ በዓለም ከ200 ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። እንግዲህ የክሪኬት ሹማምንት አሿሪ ዘግይቶ እንደሚበስል ካወቁ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ታዲያ አንዲት ሴት ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት «ጊዜዋ አለፈ» የሚል ፍርድ ከየት የመጣ ነው?

ወደ አሻ ልመለስ። አባትዋ በሾፌርነት የሚተዳደር ሰው ነበር። እርስዋም በመጀመሪያ የተጫወተችው እንደ ብዙዎቹ የህንድ ልጆች በሰፈር መንገድ ላይ ከወንዶች ልጆች ጋር ነው። ከዚያም ለኬራላ ተመረጠች። ኬራላ በእግር ኳስ ፍቅር የታወቀ አገር ነው፤ በክሪኬት ግን እንደ ሙምባይና እንደ ዴልሂ ስም ያለው አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአንዲት ሴት ክሪኬተኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የህንድ ሴቶች ክሪኬት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ማኅበር ይተዳደር ነበር፤ ባለ ብዙ ገንዘብ የሆነው የወንዶቹ ቦርድ ሴቶቹን የተረከበው ገና በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ አንዲት ሴት በክፍለ ሀገር ቡድን ለተጫወተችበት ቀን የሚከፈላት 12,500 ሩፒ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 20,000 ከፍ አለ። በዚያው በ2021 በተወሰነው ደንብ ብዙ ጊዜ የተሰለፈ ወንድ በቀን 60,000 ሩፒ ያገኝ ነበር። በዓመት ውስጥ ያለው የሴቶች ጨዋታ ደግሞ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ ገንዘብ ብቻ ቤት ማስተዳደር አይቻልም።

ታዲያ እነዚህ ሴቶች በምን ኖሩ ቢባል፥ መልሱ በከፊል ምድር ባቡር ነው። የህንድ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ስፖርተኞችን በደመወዝ ቀጥሮ የራሱን ቡድን ያሰልፋል። የሴቶቹ የክሪኬት ቡድኑም በአገሩ ውድድር ለብዙ ዓመታት የሚደርስበት አልነበረም። አሻም ሥራ ያገኘችው በዚሁ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለምድር ባቡሩም ተጫውታለች። በኋላ ደግሞ ለፑዱቼሪ ተሰልፋለች። እኔ ስለ ትዕግሥት የሚጽፉትን ሰዎች የምጠይቃቸው እዚህ ላይ ነው። ያ ደመወዝ ባይኖር ኖሮ ትዕግሥትዋ ምን ይበላ ነበር? ለመታገሥ የሚያስችል እንጀራ ያላገኙት፥ በሃያና በሃያ ሁለት ዓመታቸው ኳሱን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው የገቡት ስንት ናቸው? ስለ እነርሱ የሚጽፍ የለም፤ የሚጻፍ ታሪክ ሳያገኙ ቀርተዋልና።

በ2023 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተባለ የሃያ ሃያ ውድድር ተቋቋመ። አምስቱ ቡድኖች በጨረታ ሲሸጡ ከ46 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ተከፈለባቸው። አሻ በመጀመሪያው የተጫዋቾች ጨረታ በ1,000,000 ሩፒ የቤንጋሉሩ ቡድን ለሆነው ለሮያል ቻሌንጀርስ ተገዛች። ዋጋው የመነሻው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ሰው በጨረታ የሚለው አነጋገር ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የእነርሱ ልማድ ግን እንዲሁ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 ዓ.ም. ቤንጋሉሩ ላይ ከዩ.ፒ. ዋሪየርዝ ጋር ተጫወቱ። የእርስዋ ቡድን 157 ነጥብ አግብቶ ነበር። ተቃራኒዎቹ ወደዚያ እየተጠጉ ሄዱ፤ ሁለት መቺዎችም ሜዳውን ይዘውት ነበር። ዐሥራ ሰባተኛው ኦቨር ለአሻ ተሰጣት። በዚያ በአንድ ኦቨር ውስጥ ሁለቱንም፥ እነርሱንም የተካችውን አንዲት ጨምራ፥ በጠቅላላው ሦስት ሴቶች አስወጣች። በ4 ኦቨር 22 ነጥብ ሰጥታ 5 ዊኬት ወሰደች፤ ቡድንዋም በ2 ነጥብ ብቻ አሸነፈ። በዚያ ሊግ 5 ዊኬት በአንድ ጨዋታ የወሰደች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት እርስዋ ናት። ከእርስዋ በፊት ያደረጉት የውጭ አገር ተጫዋቾች ነበሩ።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ማርች 15 ቀን የሆነው ነው። ለፍጻሜ ለማለፍ ከሙምባይ ጋር ሲጫወቱ፥ ሙምባይ በመጨረሻዎቹ ስድስት ውርወራዎች የሚያስፈልገው 12 ነጥብ ብቻ ነበር። የቡድኑ አለቃ ኳሱን ለአሻ ሰጠቻት። እንዲህ ባለ ሰዓት ፈጣን ወርዋሪ መጥራት የተለመደ ነው፤ አሿሪ፥ ይልቁንም ሊግ ስፒን ወርዋሪ፥ አንድ ኳስ ቢያጥርባት ሁሉ ነገር ያበቃልና። እርስዋ ግን 6 ነጥብ ብቻ ሰጥታ ኦቨሩን ጨረሰች፤ አንዲት መቺም አስወጣች። ቡድንዋ በ5 ነጥብ አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ዴልሂ ላይ በተደረገው ፍጻሜ በ14 ነጥብ 2 ዊኬት ወሰደች፤ ዋንጫውንም ወሰዱ። የዓመቱ ድምር 12 ዊኬት ሆነ።

ሜይ 6 ቀን ሲልሄት ላይ ከባንግላዴሽ ጋር ለህንድ ተሰለፈች። በሃያ ሃያ ለህንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፉት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ሆነች፤ በዕለቱም 18 ነጥብ ሰጥታ 2 ዊኬት ወሰደች። ጁን 16 ቀን ደግሞ በረጅሙ የአንድ ቀን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ገጥማ፥ 21 ነጥብ ብቻ ሰጥታ 4 ዊኬት አነሣች። ደቡብ አፍሪካ በ122 ነጥብ አለቀ፤ ህንድ በ143 ልዩነት ረታ።

«ችሎታ ኖሯት ቢሆን ቀድማ በተመረጠች ነበር» የሚል ሰው እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ይህን የሚል ሰው የሚከተለውን ያስብ። በ2022 የነበረው እጅ በ2024 ከነበረው እጅ አልተለየም። የተለየው መድረኩ ነው። ከሊጉ በፊት ሴቶቹ በየክፍለ ሀገሩ የሚያደርጉት ጨዋታ በቴሌቪዥን አይታይም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ቀን የሚፈጀው የሴቶች ጨዋታ እንኳ፥ አሿሪ ዘዴዋን በሰፊው የምትማርበት እርሱ ሆኖ ሳለ፥ ከ2018 በኋላ ተቋርጦ የተመለሰው በ2024 ነው። መራጭ ያላየውን አይመርጥም። ሰብሉ በጓሮ ሳለ ገበያ አልወጣም ተብሎ ምርቱ መጥፎ ነው አይባልም።

እርግጥ ነው፥ ከዚያ ወዲያ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። በ2024 ኦክቶበር በዱባይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ከፓኪስታን ጋር ሲጫወቱ የቀለብ ኳሶች ከእጅዋ አምልጠዋል። በእውነት ለመናገር በቅልጥፍና ረገድ ከሃያ ዓመት ልጃገረድ ጋር አትወዳደርም፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኦክቶበር 13 ቀንም ሻርጃ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ልትሰለፍ ስምዋ ከተጠራ በኋላ ጨዋታው ሳይጀመር ጕልበትዋ ተጐዳ፥ ሌላ ተጫዋችም ተተካች። በዚሁ ጕዳት ምክንያት የ2025ቱ ሊግ አመለጣት። ህንድ በኖቬምበር 2 ቀን 2025 ዓ.ም. ናቪ ሙምባይ ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስታነሣ አሻ በቡድኑ ውስጥ አልነበረችም።

መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። በሃያ አራት ዓመት የተጐዳ ጕልበት አንድ ዓመት ይወስዳል፤ ከፊት ብዙ ዓመት ስላለ ይካሳል። በሠላሳ ሦስት ዓመት የተጐዳ ጕልበት ግን ከቀሩት ጥቂት ዓመታት ላይ አንዱን ይዞ ይሄዳል። ትዕግሥትዋን እያመሰገኑ የሚጽፉት ይህን ሒሳብ አይጽፉም። ያም ሆኖ በ2025 ኖቬምበር መጨረሻ በተደረገው ጨረታ በ11,000,000 ሩፒ ተገዛች። የገዛትም አምስት ሴቶቹን ያስወጣችበት ያው ዩ.ፒ. ዋሪየርዝ ነው። በዲሴምበር ደግሞ ቦርዱ በክፍለ ሀገር ለሚጫወቱ ሴቶች የቀን ክፍያውን ከ20,000 ወደ 50,000 ሩፒ አሳደገው። እኔ በበኩሌ ከጨረታው ዋጋ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ወሬ ደስ አሰኝቶኛል፤ የጨረታው ገንዘብ ለአንዲት ሴት ነው፥ የቀን ክፍያው ግን ስማቸውን ለማንሰማቸው ለብዙዎቹ ነውና።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን ላምጣው። በእኛ ተማሪ ቤት ክሪኬት የለም፤ እንዲመጣም አልጠይቅም። ነገር ግን ልጃገረዶች በስፖርት ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ልብ ያለ ሰው አለ? በዘጠነኛ ክፍል መረብ ኳስ ለመጫወት የሚመዘገቡት ሁለት ቡድን ሞልተው ይተርፋሉ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ የሚቀሩት አንድ ቡድን አይሞሉም። ለምን ተዋችሁት ሲባሉ፥ አንዳንዶቹ ጥናት በዛብን ይላሉ፥ አንዳንዶቹ «ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ» ብለው ይሥቃሉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው እንግዲህ ዕድሜው! ምክንያቱ ግን ከመሣቅ የራቀ ነው። ቡድኑ የሚመረጠው በጥቅምት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ያልተመረጠች ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ኳስ የምትነካበት መንገድ የላትም። የሚመረጡትም ረጃጅሞቹና ጕልበት ያላቸው ናቸው። እጅዋ ብልኀት ያላት፥ ገና ያልጐለመሰች ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታያለች፤ በሚቀጥለው ዓመትም አትመዘገብም። እርስዋን «ታገሺ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። በምን ትታገሥ? የምትጠብቅበት ሜዳ ስጧት።

ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴውን ሦስት ነገር እለምናለሁ። ምርጫው በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በየወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ይሁን። ላልተመረጡት ሁለተኛ ቡድን ይቋቋምና ከአካባቢው ተማሪ ቤቶች ሁለተኛ ቡድኖች ጋር ይጫወት። ደግሞም የልጃገረዶቹ ጨዋታ ውጤት እንደ ወንዶቹ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ዘንድሮ አንድም ጊዜ ተለጥፎ አላየሁም። ለዚህ ሁሉ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም። ኳሶቹ በዕቃ ቤቱ አሉ፤ ሜዳውም ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው።